ቅቤ የጠጣ ጣውላ

ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሊባን፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እዚያ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያሙቅልዎት። እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን።

ምናልባት አያውቁኝም። ሮሃ እባላለሁ፤ የአጎትዎ የአባባ ኦላና የልጅ ልጅ ነኝ። እርስዎ ከአገር ሲወጡ እናቴ ገና የተማሪ ዩኒፎርም ለባሽ ነበረች፤ እኔማ በሐሳብም የለሁ። ኢሜይልዎን የሰጠችኝ እሷ ናት። «ጻፊለት፤ ስልክ እንደሆነ ሊባን አያነሳም» አለችኝ።

ሥራዬ ሥዕል ነው። የተማርኩት በዘይት ቀለም ነበር፤ እንጀራዬ ግን የካፌ ግድግዳ ሆኗል። ኢምፔሪያል አካባቢ ስኒ፣ ኬክና ከንፈር የተሳለበት ግድግዳ ካዩ የሮሃ ነው ቢሉ ብዙም አይሳሳቱም። እርስዎ ደግሞ እዚያ ፍሎረንስ ሠዓሊዎች የሚስሉበትን ጣውላ የሚያዘጋጁ፣ የድሮ ሥዕል ሲሰነጠቅም የሚጠግኑ ባለሙያ እንደሆኑ በቤታችን ይወራል። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አባባ ኦላና ግቢ ውስጥ የነበረውን ዋንዛ ያስታውሱታል? እርሻው ለቤት ግንባታ ሲወሰድ ዛፉም ተቆረጠ። አባባ ከግንዱ አንድ ሰፊ ጣውላ አሰነጠቀና ይዞ ወጣ። ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን አልጋ ሳይገባ ጣውላው ገባ። አባባም አረፈ፤ ጣውላው ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

አሁን የአያቴን የአኮ ገንዘቤን ዓይን ግላኮማ ያዘው። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንይዘዋለን» አለ። «እስከ መቼ?» ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወደ ላይ አሳየኝ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አኮ እጄን ያዘችና «ሮሃ፣ ይሄ መስኮት ሳይዘጋ ያንን ዋንዛ ሣዪልኝ። አንድ ጊዜ ልየውና ይዘጋ» አለችኝ። በምን ላይ እንደምስለው አልነገረችኝም፤ ሁለታችንም ግን የምናስበው ጣውላውን ነበር።

ጋሼ፣ እኔ እንጨት ላይ ስዬ አላውቅም። የለመድኩት ተወጥሮ፣ ነጭ ተቀብቶ የሚሸጠውን ሸራ ነው። ከሱቅ በፕላስቲክ ጣሳ የሚሸጠውን ነጭ መነሻ ቀለም ገዝቼ፣ ብሩሼን ነክሬ፣ ጣውላው ላይ ላሳርፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ያ ዛፍ አንድ ነበር፤ ጣውላውም አንድ ነው። ካበላሸሁት ሌላ የለም። እባክዎ ከየት ልጀምር?

አኮ «ያ ልጅ አሁንም እንደ ዝንጀሮ ይወጣል ወይ?» ብላ ጠይቂልኝ ብላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

በትሕትና፣ ሮሃ


ፍሎረንስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017

ለልጄ ለሮሃ፣

እደጊ፣ ጥላሽ ይስፋ። እጅሽን የያዘው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ይባረክ። ያንን ጣሳ ለካፌዎችሽ ስጪ። ከዋንዛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

አስታውሰዋለሁ ወይ ትያለሽ? ከዚያ ዛፍ ወድቄ ክንዴን ሰብሬያለሁ እኮ! ተሸክመው ወጌሻ ቤት ያደረሱኝ አያትሽ አዴ ገንዘቤ ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ «ዝንጀሮ! የዝንጀሮ ልጅ!» እያሉ። እኔ ስለ ክንዴ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው በአባቴ ይሳደባሉ። አሁን ደረጃ እንኳን በእረፍት ነው የምወጣው በያቸው።

እናትሽ እውነቷን ነው፤ ስልክ አላነሳም። ሥራ በስልክ ሲነገር ሰው «እሺ እሺ» ይልና ይረሳዋል። የተጻፈ ነገር ግን ሙጫ በነካው እጅ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ። እንግዲህ ስሚኝ።

ጣውላው ይህን ሁሉ ዓመት ቤት ውስጥ ቆሞ መድረቁ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ እንዲህ ያለ እንጨት ሲገኝ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምናወራው። አጎቴ ኦላና ሳያውቁ የባለሙያ ሥራ ሠርተዋል፤ ወይ አውቀውም ይሆናል። ጫፉን እዪው፤ የዕድሜው ቀለበቶች ቀስት ሠርተው ታገኚያለሽ። ወደ ዛፉ ልብ በዞረው ፊት ላይ ነው የምትስዪው። መላጊያ አታብዢበት። ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ብቻ ሂጂበት፤ ከዚያ ጉንጭሽን አስደግፊው። ጣት ይዋሻል፤ ጉንጭ አይዋሽም።

ሙጫውን ከቆዳ ትሠሪያለሽ። ፀጉሩ የተላጨ ጥሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ውኃ ውስጥ አሳድሪና በለስላሳ እሳት አሙቂው። እንዳይፈላ! የፈላ ሙጫ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሲቀዘቅዝ ነካ ስታደርጊው ተንቀጥቅጦ ዝም ካለ ደርሷል።

ነጩ ከጀሶ ነው፤ ከዚያው ግንበኛ ከሚገዛው። ጀሶ ግን ቁጡ ነገር ነው። ውኃ ሲያገኝ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ድንጋይ ይሆናል። እንዲያ እንዳለ ጣውላ ላይ ብታደርጊው ይሰነጠቅብሻል። ስለዚህ እንገድለዋለን። ባልዲ ሙሉ ውኃ ላይ ጥቂት በጥቂት ነስንሺና አማስዪ። በነጋታው ውኃውን ቀይሪና አማስዪ። በማግስቱም። ወር ሙሉ እጅሽ ከባልዲው አይለይ። አንድ ቀን ቁጣው ይወጣለትና ተመልሶ አይጠጥርም፤ እንደ ሐር ይለሰልሳል። ሥራዬን ስጀምር ይህን ሳይ ዱቄት ንስሐ ሲገባ ያየሁ መስሎኝ ነበር። አሁንም ያስደንቀኛል።

አንድ ወር ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። አዴ ገንዘቤ ይጠብቁ ይሆን? የዓይናቸውን ነገር ዘርዝረሽ ጻፊልኝ።

ቤታችሁን ሰላም ያሳድረው። ሊባን


ቦሌ ቡልቡላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ሊባን፣

ከእግር እስከ ራስዎ ጤና ይስጥልኝ። የደረጃውን ነገር ስነግራት አኮ እስክታስል ሳቀች።

የመጀመሪያው ባልዲ ተበላሸብኝ። ውኃው ላይ ጀሶ በመነስነስ ፈንታ፣ ጀሶው ላይ ውኃ ገለበጥኩ። ብርድ ልብስ አጣጥፌ ስመለስ ባልዲውም፣ ዱላውም፣ ጀሶውም አንድ ድንጋይ ሆነው ጠበቁኝ። ዱላው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ባንዲራ ብቻ ነው የጎደለው። ከመገናኛ ሌላ ጀሶ ተሸክሜ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዱቄት ተቀብቶ ወረደ። ረዳቱ «እህቴ፣ ቤቱን ይዘሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለኝ።

ቆዳውን የሰጠኝ ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችን ሙዘሚል ነው፤ መገናኛ የቆዳ ሱቅ አለው። «ቆዳ ለጫማ ሲሆን አውቃለሁ፤ ለሥዕል ሲቀቀል ግን ዛሬ ሰማሁ» ብሎ አንድ ፌስታል ጥሬ ቁርጥራጭ ሞላልኝ። ልወጣ ስል ጠራኝና «አትጨነቂ፣ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ነው፤ ሥዕልሽ ሐላል ነው» አለኝ። ሽታውን ግን አላስጠነቀቀኝም! ከላይ ያለችው ውባንቺ በር አንኳኩታ «ሮሃዬ፣ አይጥ ሞቶባችሁ ይሆን?» አለችኝ በትሕትና። እናቴ ሽቶ ረጭታ የቆዳና የጽጌረዳ ሽታ አደባለቀችው፤ እሱ ባሰ። ሙጫው ግን፣ ጋሼ፣ እንዳሉት ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

አሁን የሚገርመውን ልንገርዎት። ጀሶውን የምታማስለው አኮ ናት። እኔ ግድግዳ ልቀባ ስወጣ በረንዳው ላይ በርጩማዋን ታወጣና እጇን እስከ ክርኗ ትከታለች። ዱላ ብሰጣት «በዱላ ምኑ ይታወቃል?» ብላ መለሰችልኝ። መጀመሪያ ሰሞን «ገና ይነክሳል» ትል ነበር። ኋላ «ማኩረፍ ጀምሯል» አለችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ «ሮሃ፣ ተኛ» አለች፣ ሕፃን እንዳይቀሰቀስ በሚነገርበት ድምፅ። እጄን ከተትኩ። ያ ሻካራ፣ ያ ባልዲ የሚሰብር ዱቄት ጣቶቼ መሐል እንደሌለ ሆኖ አለፈ። ጋሼ፣ ፀጉሬ ቆመ። ሁለታችንም እጃችንን ባልዲው ውስጥ እንደከተትን ብዙ ቆየን፤ ማውጣት አላሰኘንም።

ስለ ዓይኗ በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። አሁን ጀሶው ምን ይደረግ?

ሮሃ ነኝ፣ እጄ እስከ ክርን ነጭ


ፍሎረንስ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ለሮሃ፣

ሰላምና ጤና ለሁላችሁ። አዴ ገንዘቤ በእጃቸው ጀሶ ገደሉ! ወርክሾፑ ውስጥ ለሁሉም ነገርኳቸው። አለቃችን ሴትዮ «ያቺን ሴት አምጣልኝ» አለች። እኛ እዚህ በዱላ ነው የምናማስለው።

አሁን ጀሶውን በጨርቅ አጥልዪና እንደ ጭኮ ጠፍጥፈሽ አድርቂው። ጣውላውን በቀጭን ሙጫ አጠጪ፤ ይድረቅ። ከዚያ አቡጀዲ በሙቅ ውኃ አጥበሽ፣ ሙጫ ውስጥ ነክረሽ ጣውላው ላይ አልብሺው። እንጨት በክረምትና በበጋ ይተነፍሳል፤ ጨርቁ በእንጨቱና በጀሶው መሐል ገብቶ ያስማማቸዋል። ከዚያ ጀሶውን በሞቀ ሙጫ በጥብጠሽ ስምንት ጊዜ ስስ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ቁመት፣ በአንድ ቀን ውስጥ። ሳይደርቅ አይደገምም፤ እስኪረሳም አይቆይም። አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ እንዳትይዢ።

የዓይናቸውን ነገር ዘለልሽው። መዝለልሽንም አየሁ።

በርቺ። ሊባን


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ሊባን፣

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

አቡጀዲው ተላጠ። ሙጫ አጠጣሁ፣ ጨርቁን አለበስኩ፣ በእጄ አለሰለስኩ፣ ሌሊቱን ደረቀ። ጠዋት ጠርዙን ስነካው ከላይ እስከ ታች እንደ ፕላስተር ተነሳ። ሥሩ እንጨቱ ያብረቀርቃል፤ ሙጫው ጤዛ ሠርቶ ተቀምጧል። አሸተትኩት። ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ፤ የሙጫው ሽታ ሸፍኖብኝ ኖሯል።

እኔ ጀሶ ፍለጋ ስንከራተት አኮ ጣውላውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ ቀብታዋለች። በአንድ በኩል ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ሁለቱንም ፊት፣ ጠርዙን ሳይቀር፣ እንጨቱ እስኪጠግብ። በረንዳ ላይ ፀሐይ አሙቃው ስለነበር ጠጥቶታል። «አኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስላት በእኔ አለማወቅ አዘነች። «ነጭ ላለብሰው ነው አላልሽም? ሙሽራ ሳይቀባ ይለብሳል እንዴ?» አለችኝ።

እናቴ የጌታ ናት፤ ያውቃሉ። ከወጥ ቤት ወጥታ «እማዬ! ከዛፍ ሥር ከወጣን ስንት ዘመናችን! ይሄ እኮ ዛፍ ማምለክ ነው!» ብላ ጮኸች። አኮ ዝግ ብላ «ማን አመለከው? ሰላም አልኩት እንጂ። ስንት ዘመን አብሮሽ የኖረ ሰው ሲመጣ ደረቅ እጅ ትሰጪዋለሽ?» አለቻት። እናቴ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ጋሼ፣ መበላሸቱን ለአኮ አልነገርኳትም። «እየደረቀ ነው» አልኳት። አናጺ አምጥቼ ነበር፤ ሥሩ ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳየኝና «መላጊያ ካስገባሁበት ለሁለት ይከፈላል፤ ኃላፊነት አልወስድም» ብሎ ሄደ። እርስዎም እንዳይቆጧት። ቢቆጡም እኔን ይቆጡ። የሚድን ከሆነ ግን ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ጊዜ የለንም።

ሮሃ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017

ለጋሼ ሊባን፣

እንደምን ሰነበቱ? ምናልባት ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም። ምናልባትም ደርሶዎት አዝነውብኛል። አኮ በየጠዋቱ «ደረቀ?» ትለኛለች። «እየደረቀ ነው» እላታለሁ። ውሸቴ ከአፌ ሳይወጣ ቀልቤን ይገፍፈዋል። የማይድን ከሆነ «አይድንም» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል።

መልካም ገና ይሁንልዎት። ሮሃ


ፍሎረንስ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ለልጄ ለሮሃ፣

እንዴት ከረማችሁ? አልተቆጣሁም። ይልቅ ሳላውቅ አጉል ምክር እንዳልሰጥሽ ፈራሁ። ቅቤ የጠጣ ጣውላ እንዴት እንደሚድን በዚህ አገር የሚያውቅ የለም፤ ማንም ጣውላ ቅቤ አጠጥቶ አያውቅማ! ስለዚህ ሠርቼ ማየት ነበረብኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ቅቤ ገዛሁ። ዋንዛን የሚቀርብ ደረቅ ጣውላ ፈልጌ ቀባሁትና፣ እንደናንተው እንዲጠጣ ምድጃ አጠገብ አቆምኩት። የሥራ ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው ነው ያለፉት። አለቃችን መጥታ አሸተተችና «ሊባን፣ ሥዕል ነው ወይስ ምሳ?» አለችኝ። በሳሙና ሞከርኩ፤ ባሰበት። በቤንዚን ሞከርኩ፤ ወጣ ስል በነጋታው ተመልሶ ላበ። ጣውላ ለወጥኩና እንደገና ቅቤ ቀባሁ። የገናን በዓል በቅቤና በካውያ አሳለፍኩት። በመጨረሻ ግን ተገኘ!

የሞተውን ጀሶ ደረቁን ፈጭተሽ ጣውላው ላይ ነስንሺ፤ ሶፍት አልብሺ፤ በሞቀ ካውያ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ቅቤው ይቀልጣል፣ ጀሶው ይጠጣዋል። ጠርገሽ ጣዪና ድገሚ። ሶፍቱ ላይ ቅባት መታየት እስኪያቆም ድረስ እጅሽ አይስነፍ። በኋላ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊውና ነጭ ሽንኩርት ሁለት ላይ ቆርጠሽ ሙሉውን እሺው። አትሳቂ፤ ሙጫ ነጭ ሽንኩርት የታሸበትን ነገር ይይዛል። ወርቅ የሚለጥፉ ሰዎች ሲያደርጉት ያየሁት ነው። ቤታችሁ ወጥ ወጥ ቢሸት ውባንቺ ዘንድሮ ደስ ይላታል።

ይህን የምታደርጊው ግን በፊቱ ብቻ ነው። ጀርባውን አትንኪው። መምህሬ ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ያባርረኛል፤ ጣውላ ከፊትም ከኋላም እኩል መታከም አለበት ባይ ነበር። ይሁንና የጀርባው ቅቤ የአዴ ገንዘቤ ነው። እኔም ከአገር ስወጣ አናቴን ቀብተው ነው የሸኙኝ፤ አውሮፕላን ውስጥ ቀልጦ ወደ አንገቴ ሲወርድ አጠገቤ የነበረው ፈረንጅ ወንበር ቀየረ። እኔ እንጨቱን ለማወቅ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ሰላም ልበለው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ደብዳቤሽ እዚያ ላይ ሲደርስ ማንበቤን አቋርጬ ተነሳሁ፤ አጠገቤ የቆመውን ጣውላ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ስለ ዓይናቸው አልጠይቅሽም። ሲሆንልሽ ጻፊልኝ።

ሊባን


ቦሌ ቡልቡላ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ለምወድዎት ለጋሼ ሊባን፣

ደስታና ጤና በቤትዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ብዙ ነው።

ካውያው ሠራ። የመጀመሪያው ሶፍት ብርጭቆ መስሎ ወጣ፤ ቀጥሎ ደመና ደመና አለ፤ እያለ እያለ አንድ ቀን ደረቅ ወረቀት ሆኖ ተመለሰ። ነጭ ሽንኩርቱን ሳሽ እናቴ «አሁን ደግሞ ዶሮ ይታረድለት?» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ትልጥልኝ ጀመር። አቡጀዲው ያዘ። በጥፍሬ ሳብኩት፣ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። ጮህኩ! ሙዘሚል ከምድር ቤት ሮጦ መጣ፤ ሰው የሞተ መስሎት።

ስምንቱን በአንድ ቀን ቀባሁ። በአራተኛው ላይ መብራት ሄደ፤ ሙዘሚል የከሰል ምድጃውን አምጥቶ ሙጫውን አሞቀልኝ። ሲደርቅ በስለት ፋቅሁት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አለሰለስኩት። ጋሼ፣ ምን ብዬ ልንገርዎት? ነጭ ብዙ አይቻለሁ፤ ግድግዳ ነው የምቀባው። ይሄ ሌላ ነው። ብርሃኑ ላዩ ላይ አይቆምም፤ ትንሽ ይገባና ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ጉንጬን አስደገፍኩት። ድንጋይ የነበረ ነገር፣ ቆዳ የነበረ ነገር፣ ዛፍ የነበረ ነገር ጉንጬን ነካው። «ጌታ ሆይ» አልኩ፤ እናቴ ሰምታ «አሜን» አለች።

አሁን የዘለልኩትን ልጻፍ። አኮ ጀሶውን ስታማስል እጇን የከተተችው በዱላ ስላልተማመነች ብቻ አልነበረም። ያኔም ከእጇ ወዲያ ብዙ አይታያትም ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ፊቴን አጣችው። እኔ ማዶ ቆሜ ሳወራት ዓይኗ ከጎኔ ያለውን አየር ያያል። ጥር ውስጥ ሐኪሙ ጠብታውን እንድናቆም ነገረን፤ ከእንግዲህ ብርሃንና ጨለማ ብትለይ ነው አለ። ያልጻፍኩልዎት ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ደግሞም «እንግዲያው ምን ያደርጋል» ብለው እንዳይተዉኝ። ጣውላውን የጨረስኩት ማን እንደሚያየው እያወቅሁ አይደለም። ብቻ ማቆም አልቻልኩም።

ትናንት ጠዋት ልጀምር ነበር። ንድፉን ጨርሻለሁ፣ ቀለሙን ጨምቄአለሁ። ጣውላውን ሳሎን መስኮት ፊት አቆምኩት፤ ፀሐይዋ ከምሥራቅ ቀጥ ብላ ገባችበት። አኮ ከመኝታ ቤት ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጇን ከግድግዳው አነሳች።

«ሮሃ» አለች።

«አቤት አኮ።»

«እዚያ የቆመው ምንድን ነው?»

ጋሼ፣ ማንንም ሳትይዝ፣ ምንም ሳትዳስስ፣ ጠረጴዛውን ዞራ ቀጥ ብላ ሄደችበት። እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። አኮ ፊቷን አቅርባ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አየችው ነው የምልዎት። ከዚያ ፈገግ አለች።

«አበበ» አለችኝ። «ዋንዛው አበበ።»

ዋንዛ ሲያብብ ቅጠሉ እስኪጠፋ ነጭ እንደሚለብስ እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔ የማውቀው የተቆረጠውን ነው። አኮ ነገረችኝ፤ አበባው ሲወድቅ ግቢው ሁሉ ነጭ ይሆን ነበር አለች፤ አባባ ኦላና ጠዋት ጠዋት እንዳይረግጠው ዞሮ ነበር የሚሄደው። «አኮ፣ ገና ምንም አልሳልኩም እኮ» አልኳት። «ምን ትስያለሽ? ይኸው ነው። አትንኪው» አለች። ወንበር አስመጥታ ፊቱ ተቀመጠች፤ ፀሐይዋ እስክትዞር አልተነሳችም። ዛሬም እዚያው ናት።

እናቴ «እንግዳ ሲመጣ ባዶ ጣውላ እናሳይ?» ትላለች። እኔ ቀለሙን እንደጨመቅኩ ቆሜአለሁ። ልሣለው ወይስ ልተወው? እርስዎ ይበሉኝ፤ እሱን አደርጋለሁ።

ሮሃ


ፍሎረንስ፣ የካቲት 17 ቀን 2017

ለልጄ ለሮሃ፣

ሰላምታዬን ለአዴ ገንዘቤ ጉልበት አድርሺልኝ። ቀለሙን ክደኚው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔ የማዘጋጀው ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ያለሰለስኩትን ነጭ ሠዓሊው ይወስደዋል፤ እሱም ቢሆን የሚያየው ሊሸፍነው እየቸኮለ ነው። ሰዉ ተሰልፎ ገብቶ ሥዕሉን ያያል። ሥሩ ያለውን ግን ሥዕሉ ሲላጥ ካልሆነ ማንም አያየውም፤ ያኔም «ተበላሸ» ነው የሚባለው። ቅሬታ እንዳይመስልሽ። ሙያው እንዲያ ነው፤ መምህሬም፣ ከሱ በፊት የነበሩትም ሳይታዩ ነው ያለፉት። እኔም በዚያው እንደማልፍ አውቄ ተቀብዬ ነበር።

ዛሬ ደብዳቤሽን ወርክሾፑ መሐል ቆሜ አነበብኩ። አለቃችን «ምን ሆንክ?» ብላ መጣች። በጣሊያንኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሁሉም ሥራቸውን አቁመው ሰሙ። «አበበ» የሚለው ላይ ስደርስ እነዚያ የቅቤ ሽታ ያሳቃቸው ሰዎች አንዳቸው እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «እንግዲያው አንድ ሰው አየው።»

መስኮቱ ፊት ይቁም። ማታ ማታ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው፤ ጠዋት ግለጪላቸው። በእጃቸው ቢዳስሱት አትከልክያቸው፤ ቢቆሽሽም ይቆሽሽ። እናትሽ ወይም እንግዳ መጥቶ «መቼ ነው የሚሳለው?» ቢልሽ፣ አልቋል በይ።

ሊባን